ገጹ ለምን ሁልጊዜ ከባዶ ይጫናል? በቪትና በሪአክት ለሚሠሩ

የአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ በሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መገንቢያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) እና በቪት (በልማት ጊዜ ኮዱን ለብራውዘሩ የሚያቀርብ መሣሪያ) የሚሠሩ ጠያቂ እንዲህ ጽፈዋል፦ «አንድ መስመር አስተካክዬ ፋይሉን ባስቀመጥኩ ቁጥር ገጹ ከባዶ ይጫናል፤ ለሙከራ የሞላሁት ረጅም ቅጽ በሙሉ ይጠፋል። ጠዋት ሰርቨሩን ሳስነሳም የመጀመሪያው ገጽ እስኪከፈት ብዙ እጠብቃለሁ። ኮዱ የተቀመጠው በዊንዶውስ ዲስክ ሲ ላይ ሲሆን ሰርቨሩን የማስነሳው በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ከሚያስኬደው ከደብልዩኤስኤል 2 ነው። ለውጡ አልታይ ስላለኝ ፖሊንግ የሚለውን ምርጫ አብርቻለሁ። ሁሉን ትቼ ወደ ኔክስት ጄኤስ ብዛወር ይሻለኝ ይሆን?»

ከመጨረሻው ልነሣ፦ አይዛወሩ፤ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይዛወሩ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ኮዱ እርስ በርሱ ከተያያዘበት መንገድና ከተቀመጠበት ዲስክ የሚመነጩ ናቸው። በሪአክት ላይ የተሠራው ማዕቀፍ ኔክስት ጄኤስም የሚጠቀመው ያንኑ ፋስት ሪፍሬሽ የተባለውን፣ የተቀየረውን ኮድ ገጹን ከባዶ ሳይጭን የሚተካውን የሪአክት አሠራር ነው፤ ከታች የማሳየው ደንብም ያው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ቅጽዎን የሚያጠፋው ፋይል እዚያም ያጠፋዋል። ተርቦፓክ የተባለው ፈጣን ማቀነባበሪያው እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆኖ፣ ለልማት ሥራ የተረጋጋ ነው የተባለው በ2024 ከኔክስት 15 ጋር ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ገጾችን በሰርቨር በኩል ማዘጋጀት ካስፈለገዎት ለዚያ ብለው ይዛወሩ። የይለፍ ቃል አስገብቶ ለሚከፈት የመመዝገቢያ ሲስተም ግን ይህ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ችግሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው የመጀመሪያው ገጽ ለመከፈት መዘግየቱ ነው፤ ይህ ስንት ፋይል ይነበባል፣ ከየትስ ይነበባል በሚለው የሚወሰን ነው። ሁለተኛው ገጹ ሳያስፈልግ ከባዶ መጫኑ ነው፤ ይህ ደግሞ የተቀየረውን ፋይል ማን ይቀበለዋል በሚለው የሚወሰን ነው። በአብዛኛው የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ብዙ ሰው ፈጣን ኮምፒውተር ገዝቶ ቅጹ አሁንም ሲጠፋበት የሚገረመው ለዚህ ነው። እኔ ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሐሳብን የሚበትነው እሱ ነው። ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ይቻላል፤ ሃያ መስክ ያለውን ቅጽ በየለውጡ እንደገና መሙላት ግን ሰውን ከሥራው ያስወጣል።

ቪት አንድ ፋይል መቀየሩን ሲያውቅ ያንን ፋይል ማን ኢምፖርት እንዳደረገው (ማለትም የትኛው ፋይል ጠርቶ እንደሚጠቀምበት)፣ እሱንም ማን ኢምፖርት እንዳደረገው እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ «ይህን ለውጥ እኔ እቀበላለሁ» ብሎ የተመዘገበ ሞጁል (የኮድ ፋይል) ካገኘ እዚያው ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለውን ብቻ ይተካና የቀረውን ገጽ አይነካም። ሆት ሞጁል ሪፕሌስመንት የሚባለው ይህ ነው። ተቀባይ ሳያገኝ ፕሮግራሙ እስከሚጀምርበት የመግቢያ ፋይል ከደረሰ ግን ብራውዘሩን «ገጹን ከባዶ ጫን» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ወደ ላይ የሚወጡት መንገዶች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዘጠኙ መንገድ ተቀባይ ተገኝቶ በአንዱ ካልተገኘ ገጹ ከባዶ ይጫናል።

በሪአክት ፕሮጀክት ውስጥ ተቀባዮቹ የኮምፖነንት (የገጹን አንድ ክፍል የሚሠራ ኮድ) ፋይሎች ናቸው። የቪት የሪአክት ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) እነዚህን ፋይሎች ራሱ ይመዘግብልዎታል፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፋይሉ ኤክስፖርት የሚያደርገው፣ ማለትም ለሌሎች ፋይሎች የሚያቀርበው፣ ኮምፖነንት ብቻ ይሁን።

ይህ ደንብ እንዴት ሳይታወቅ እንደሚጣስ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ቀን የሚያስመርጥ ኮምፖነንት አለዎት እንበል። በዚያው ፋይል ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን 13 የወራት ስሞች በዝርዝር አስቀምጠዋል። ቆይቶ የቋንቋ ማዋቀሪያው ፋይልም የወራቱን ስም ፈለገ፤ እርስዎም ዝርዝሩ ላይ ኤክስፖርት የሚለውን ቃል ጨመሩበት። ኮዱ በትክክል ይሠራል፤ ማንም ገምጋሚ አይቃወመውም። አሁን የቀን መምረጫውን የአንድ ቁልፍ ቀለም ቀይረው ፋይሉን ያስቀምጡ። ፋይሉ እንደገና ሲነበብ የወራቱ ዝርዝር እንደገና ይፈጠራል። ይዘቱ ያው ነው፤ ለጃቫስክሪፕት ግን አሮጌው ዝርዝርና አዲሱ ዝርዝር እኩል አይደሉም። ፕለጊኑ የድሮውንና የአሁኑን ኤክስፖርቶች ሲያነጻጽር ኮምፖነንት ያልሆነ ነገር ተቀይሮ ያገኛል፤ «ይህን ልቀበል አልችልም» ይልና ጉዳዩን ወደ ላይ ያሳልፋል። የቅጹ ገጽ ኮምፖነንት ስለሆነ በእሱ በኩል ችግር የለም። የቋንቋ ማዋቀሪያው ግን ኮምፖነንት አይደለም፤ እሱን ኢምፖርት ያደረገው ደግሞ የመግቢያው ፋይል ራሱ ነው። በዚያ መንገድ ተቀባይ የለም። ቅጹ ጠፋ።

መፍትሔው የወራቱን ዝርዝር ወደ ራሱ ፋይል ማዛወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የቀን መምረጫውን የፈለጉትን ያህል ቢቀይሩ ለውጡ እዚያው ይቀራል። የወራቱን ፋይል ራሱን ከቀየሩ ገጹ ከባዶ መጫኑ አይቀርም፤ እሱ ግን በየቀኑ የሚነካ ፋይል አይደለም። ኤክስፖርት የተደረገው ነገር ተራ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የወራት ብዛት 13 ነው የሚል፣ አሮጌውና አዲሱ እኩል ስለሚሆኑ ችግር አይፈጠርም ነበር። የሚያበላሹት ዝርዝሮች፣ ኦብጀክቶችና ተራ ፈንክሽኖች ናቸው። በሰዎች ኮድ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ሌላው ምሳሌ ኮንቴክስት (ለብዙ ኮምፖነንቶች የጋራ መረጃ የሚያቀርብ የሪአክት መንገድ) ነው፦ የተጠቃሚውን ማንነት የሚይዘው ኮንቴክስት፣ አቅራቢው ኮምፖነንትና እሱን የሚጠራው ሁክ (ኮምፖነንቶች የሚጠቀሙበት ልዩ ፈንክሽን) በአንድ ፋይል ታጭቀው ይገኛሉ። አቅራቢውን ለብቻው፣ ኮንቴክስቱንና ሁኩን ለብቻቸው ያስቀምጡ።

የእርስዎ ጥፋተኛ የትኛው ፋይል እንደሆነ መገመት አያስፈልግም፤ ተርሚናሉ ይነግርዎታል። ቪት ለውጡን በሰላም ሲተካ «ኤችኤምአር አፕዴት»፣ ከባዶ ሲጭን «ፔጅ ሪሎድ» ብሎ የፋይሉን ስም ይጽፋል። ፕለጊኑ ሳይቀበል ሲቀር ደግሞ «ኤችኤምአር ኢንቫሊዴት» የሚል መስመር ይወጣል፤ ከጎኑ የትኛው ኤክስፖርት እንዳስቸገረ በስሙ ተጠቅሶ ያገኙታል። ብዙዎቻችን ተርሚናሉን ከኤዲተሩ ኋላ ደብቀን ስለምንሠራ ይህን መረጃ አናየውም። ለአንድ ቀን ብቻ ጎን ለጎን ከፍተውት ይሥሩ። ከዚህም ሌላ ለኮድ መፈተሻው ለኢኤስሊንት «ሪአክት ሪፍሬሽ» የሚባል ፕለጊን አለ፤ ደንቡን የጣሰውን ፋይል ገና ሲጽፉት ያሰምርበታል። ፕሮጀክትዎን በቅርቡ ከቪት የሪአክት መነሻ ከጀመሩት ቀድሞውንም ተጭኖልዎታል፤ ማስጠንቀቂያውን አጥፍተውት ከሆነ መልሰው ያብሩት።

ተርሚናሉ ስም የጠራው ፋይል ንጹሕ ሆኖ ካገኙት የክብ ኢምፖርትን ይጠርጥሩ። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ተመልሶ ሀን ኢምፖርት የሚያደርግበት ሰንሰለት ካለ ቪት ፋይሎቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚተካ ማወቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ገጹን ከባዶ ይጭነዋል። ቪትን «ዲበግ ኤችኤምአር» በሚለው ምርጫ ሲያስነሱት ክቡ የሚያልፍባቸውን ፋይሎች በተራ ያሳይዎታል። ክቡ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው አንድ ትንሽ ረዳት ፈንክሽን በማይመለከተው ትልቅ ፋይል ውስጥ ስለተቀመጠ ነው፤ እሱን ለይተው ሲያወጡት ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሰርቨሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ የሚታይ ሌላ መጫንም አለ። ቪት ከኖድ ሞጁልስ ፎልደር የሚመጡትን ፓኬጆች አስቀድሞ ያቀነባብራቸዋል። ይህን የሚያደርገው ኮዱን ቃኝቶ ያገኛቸውን ነው። አንድ ገጽ ሲከፈት ቅኝቱ ያላየው ፓኬጅ ድንገት ከተጠየቀ እሱን ለማካተት እንደገና ያቀነባብርና ገጹን ከባዶ ሊጭን ይችላል። በተርሚናሉ ላይ አዲስ ዲፔንደንሲ ተገኝቶ ኦፕቲማይዝ እንደተደረገ የሚናገር መስመር ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። የፓኬጁን ስም በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ «ኦፕቲማይዝ ዴፕስ» በሚለው ሥር «ኢንክሉድ» ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። እግረ መንገዴን፦ የማስነሻ ትእዛዝዎ ውስጥ «ፎርስ» የሚል ምርጫ ተጽፎ ከቀረ ያውጡት፤ በየማለዳው የተቀነባበረውን ካሽ እየጣለ ሥራውን ከአልፋ ያስጀምራል።

ገጹ ከባዶ ሳይጫን ስቴቱ (ኮምፖነንቱ የያዘው መረጃ) ብቻ የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ ይህን ከላይኛው ጋር አያምታቱት። በኮምፖነንቱ ውስጥ ሁክ ሲጨምሩ፣ ሲቀንሱ ወይም ቅደም ተከተሉን ሲያፋልሱ ሪአክት ያንን ኮምፖነንት እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፤ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ስም የሌለው ፈንክሽን በዲፎልት ኤክስፖርት ሲያደርጉም ስቴቱ አይጠበቅም፤ ለእያንዳንዱ ኮምፖነንት ስም ይስጡት። ዩዝኢፌክት የተባለው ሁክ ደግሞ የጥገኞቹ ዝርዝር ባዶ ቢሆንም እንኳ በእያንዳንዱ ፋስት ሪፍሬሽ እንደገና ይሠራል። የቅጹን መስኮች ባዶ የሚያደርግ ወይም ከሰርቨር ዳታ አምጥቶ የሚደፋባቸው ኢፌክት ካለዎት ቅጹን ያጠፋው ቪት ሳይሆን ያ ኢፌክት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዲስኩ። በእርስዎ ሁኔታ ትልቁ የመዘግየት ምንጭ ይህ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ደብልዩኤስኤል 2 ራሱን የቻለ የሊኑክስ ከርነል ያለው ምናባዊ ማሽን ነው፤ ዲስክ ሲ ለእሱ የራሱ ዲስክ አይደለም። እያንዳንዱ ፋይል ሲነበብ ጥያቄው ድንበር ተሻግሮ ወደ ዊንዶውስ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ትልቅ ፋይል ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ባልከፋ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ሲሆኑ ግን መጠበቁ ይጠራቀማል። በተጨማሪም ፋይሉን በዊንዶውስ ኤዲተር ሲቀይሩት የለውጡ ማሳወቂያ ወደ ሊኑክስ አይደርስም። ለውጡ ያልታየዎት ለዚህ ነው፤ ፖሊንግ ሲያበሩ የታየዎትም ቪት ፋይሎቹን በየጊዜው እየዞረ «ተቀይረሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስለጀመረ ነው። ይህ ፕሮሰሰሩን ያለማቋረጥ ያሠራዋል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም ይበላል።

ስለዚህ ፕሮጀክቱን በሊኑክሱ የቤት ፎልደር ውስጥ እንደገና ክሎን ያድርጉት። ኖድ ሞጁልስን ከዲስክ ሲ አይቅዱ፤ አንዳንድ ፓኬጆች ለእያንዳንዱ ስርዓተ ክወና የተለየ ፋይል ስላላቸው እዚያው እንደ አዲስ ይጫኑ። ቪኤስ ኮድን ከደብልዩኤስኤል ጋር በሚያገናኘው ማራዘሚያ ይክፈቱት፤ ፖሊንጉንም ያጥፉ። ሊኑክስ ካልተመቸዎት በተቃራኒው ኖድን በዊንዶውስ ላይ ጭነው ሁሉንም እዚያው ያድርጉ፤ ይህም ይሠራል። የማይሠራው ኮዱን አንድ ቤት አስቀምጦ ሰርቨሩን ከሌላ ቤት ማስነሳት ነው። ወደ ሊኑክስ ሲሻገሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ግን ይለያል። ኢምፖርቱ ላይ የተጻፈው ስም ከፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ቢለይ እዚያ ፋይሉ አይገኝም። በዊንዶውስ ላይም ቢሆን እንዲህ ያለ ስህተት ለውጡ ተገኝቶ ገጹ እንዳይታደስ ያደርጋል።

ዲስኩ ከተስተካከለ በኋላ የቀረውን መዘግየት ለመቀነስ ቪት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ዌብፓክ ያሉት ቀደምት መሣሪያዎች ሰርቨሩ ሲነሳ ኮዱን በሙሉ አንብበው፣ ተርጉመውና በአንድነት ጠቅልለው ነበር ገጹን የሚያቀርቡት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢቫን ዩ ያወጣው ቪት ይህን ትቶ ብራውዘሩ ራሱ ሞጁሎችን መጫን በመቻሉ ላይ ተመሠረተ፦ የራስዎ ኮድ አይጠቀለልም፤ ብራውዘሩ ፋይል ሲጠይቅ ያ ፋይል ብቻ ተተርጉሞ ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ወዲያው የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋው ግን ገጹ ሲከፈት ይከፈላል፤ መጀመሪያ በተከፈተው ገጽ ሥር ስምንት መቶ ፋይል ካለ ስምንት መቶ ጥያቄ ይላካል፣ በተለመደው ኤችቲቲፒ 1.1 ላይ ደግሞ ብራውዘሩ ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ስድስት ግንኙነት ነው። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ፓኬጆች አስቀድመው የሚቀነባበሩትም ለዚሁ ነው፤ ሎዳሽ ኢኤስ ብቻውን ከ600 በላይ የውስጥ ሞጁሎች አሉት፣ ቪት አንድ ፋይል ባያደርጋቸው አንድ ፈንክሽን ለመጠቀም ያ ሁሉ ጥያቄ ይላክ ነበር።

ስለዚህ የራስዎን ኮድ በተመለከተ ማድረግ ያለብዎት ገጹ የማይፈልጋቸውን ፋይሎች አለመጥራት ነው። ሁለት ነገር ከሁሉም የበለጠ ውጤት አለው። የመጀመሪያው በየፎልደሩ ውስጥ የሚቀመጠው፣ የሁሉንም ፋይል ኤክስፖርት ሰብስቦ መልሶ የሚያወጣው ኢንዴክስ ፋይል ነው። ኢምፖርቱን ያሳጥራል፣ ዓይንም ይስባል፤ ነገር ግን ከእሱ አንዲት ቁልፍ ሲፈልጉ ብራውዘሩ ሠንጠረዡን፣ ግራፉንና የካርታውን ኮምፖነንት ሁሉ ይጭናል። ለዕትም በሚዘጋጀው ግንባታ ላይ ትርፉ ሊወገድ ይችላል፤ በልማት ጊዜ ግን አይወገድም። በዚያ ላይ የክብ ኢምፖርት ዋና መፈልፈያ ይኸው ኢንዴክስ ፋይል ነው፤ ስለዚህ እሱን ማጥፋት ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚነካ እርምጃ ነው። ኮምፖነንቱን በቀጥታ ከራሱ ፋይል ኢምፖርት ያድርጉ፤ የፋይሉንም ማራዘሚያ ይጻፉ፣ ካልጻፉት ቪት ትክክለኛውን እስኪያገኝ እያንዳንዱን ዓይነት በዲስኩ ላይ ይፈልጋል። ሁለተኛው ነገር ገጾቹን በሪአክት ሌዚ መክፈል ነው፤ የሪፖርቱ ገጽ ፋይሎች ሪፖርቱ ሲከፈት ብቻ ይጫኑ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ «ዲሴብል ካሽ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ ያንሱት፤ ቪት የተቀነባበሩትን ፓኬጆች ብራውዘሩ ለአንድ ዓመት እንዲይዛቸው አድርጎ ይልካቸዋል፣ ያ ምርጫ ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አንዳንድ የብራውዘር ማራዘሚያዎችም እያንዳንዱን ጥያቄ ስለሚፈትሹ ለልማት ሥራ ማራዘሚያ የሌለበት ፕሮፋይል ይክፈቱ። ሁልጊዜ የሚከፈቱትን ገጾች «ሰርቨር ዋርምአፕ» በሚለው ሥር ቢዘረዝሯቸው ሰርቨሩ ሲነሳ አስቀድሞ ይተረጉማቸዋል። ቪት የታይፕስክሪፕትን ዓይነቶች አይፈትሽም፣ ከኮዱ ያስወግዳቸዋል እንጂ፤ ፍተሻውን በፕለጊን አስገብተውት ከሆነ አውጥተው በሌላ ተርሚናል ያስኬዱት።

ጥቃቅን ነው ብዬ የማላልፈው አንድ ነገር ፊደሉ (ፎንቱ) ነው። በአማርኛ የሚሠሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጎግል ፎንትስ በሊንክ ይጠሩታል። ያ ሊንክ በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ውስጥ ሲቀመጥ ብራውዘሩ የሲኤስኤሱ ፋይል እስኪመጣ ገጹን አይስልም፤ የሞጁል ስክሪፕቶቹንም አያስኬድም። ኔትወርኩ በተዳከመ ሰዓት ገጹ ከባዶ ሲጫን ሁሉም ነገር በራስዎ ኮምፒውተር ላይ እያለ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጠው የሚቆዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ አውርደው ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ለልማት ሥራ ኢንተርኔት ሊያስፈልግዎት አይገባም። ተጠቃሚዎችዎም ይጠቀሙበታል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከዘገየ የሚቀረው ከፕለጊኖቹ አንዱ ነው። ቪትን በ«ፕሮፋይል» ምርጫ ያስነሱት፤ ገጹ ተከፍቶ ሲያበቃ በተርሚናሉ ላይ «ፒ» (p) የሚለውን ፊደል ተጭነው ኢንተር ሲሉ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ማን እንደወሰደ የሚያሳይ ፋይል ይሰጥዎታል። ስፒድስኮፕ በሚባለው ማሳያ ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ የበላው ፈንክሽን የየትኛው ፕለጊን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ገጹ ከባዶ መጫኑ ካልቆመ ደግሞ «ፔጅ ሪሎድ» የሚለውን መስመርና ከእሱ በላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች፣ የመግቢያውን ፋይል ኢምፖርቶችም ጨምረው ይላኩልኝ፤ ከእነዚያ ላይ መንገዱን መከተል እችላለሁ።